ለገደሉ ያልተነገረው

የአገሩን ስም አልጠራም። እዚያ አገር ስም ጠርቶ ዝም ማለት አይቻልም፤ ስም ከተጠራ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይወርዳል። ከተማዋ ከአንድ ትልቅ ገደል ፊት ለፊት የተቆረቆረች መሆኗን ካወቃችሁ ለዚህ ታሪክ ይበቃችኋል።

በሌላው አገር የገደል ማሚቶ ያሏትን አንዴ መልሳ ዝም ትላለች። የእኛዋ ግን የሰማችውን አትረሳም ነበር። ከገደሉ ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ቃሉን ትይዝለታለች። ማንም መንገደኛ መጥቶ የዚያን ሰው ስም ሲጠራላት ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በራሱ በሰውየው ድምፅ፣ ታወርድለታለች። ዋጋም አትጠይቅም።

ሕዝቡ ወደዳት። ልጅ የወለደ ይጮኽላታል፤ የታመመ ሕመሙን፣ የተጣላ ጠቡን፣ ወጥ የሠመረላት ወጧን። አንድ ቤተሰብ “ወደ ቆላ መውረዳችን ነው፣ ቁልፉን ከደጃፉ ድንጋይ ሥር አድርገናል” ብሎ ጮኾ ሄደ፤ ሲመለስ ቤቱን ባዶ አገኘው፤ ያንኑም ሄዶ ጮኸላት። ምሳውን በልቶ ያልጮኸ ሰው እንዳልበላ ይቆጠር ነበር። ዝም የሚል ከተገኘ ደግሞ “ይሄ የሚደብቀው ነገር አለው” ይባልና ልጅ የሚድርለት ያጣል።

ከተማዋ እየሰፋች ሄዳ ሰው ሰውን በመልክ መለየት ሲያቅተው ሹማምንቱ የስም ዳኛ ሾሙ። ሕጉ አጭር ነበር፦ ፊት ያታልላል፤ መልስ አያታልልም። ስም የኔ ነው የሚል ሰው ስለ ራሱ ይጠየቃል፤ ከመለሰ ስሙ ይጸናለታል፣ ከስሙም ጋር ቤቱና ንብረቱ። ጎረቤት አይመሰክርም። ጎረቤት ይወዳል፤ የወደደ ደግሞ ይዋሻል። ዳኛው መልሱን የሚያመሳክርበት ሲፈልግ ቅርብ ያገኘው ገደሉን ነበር። እናም አገር የሰማውን ነገር ሁሉ “ምስጢር” ብሎ ሰየመው፤ ማንም አልሳቀም።

ይርገዱ ክር ቀለም እየነከረች የምታድር ሴት ነበረች። ሁለት እጇ እስከ ክንዷ ሰማያዊ ነው፤ ቢታጠብም አይለቅም። ለሁሉ የምትስቅ፣ ለቅሶ ቤት ቀድማ የምትደርስ፣ የማንንም ክር ከቀጠሮው ቀን አሳልፋ የማታስቀምጥ ሰው ናት። ባሏ ሲሞት ቤቱ ጭር አለባት። ከቀለም ጋኗ በቀር የሚያነጋግራት ስታጣ ወደ ገደሉ መውጣት አበዛች። ማሚቶ ሁልጊዜ ትመልስላታለች። ሰው እንደዚያ ቶሎ አይመልስም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ እንደወጣ የቀለም ሥር ልትለቅም ወደ ቆላ ወረደች። ከመሄዷ በፊት እንደ ወጉ ገደሉ ዘንድ ወጥታ፣ ወዴት እንደምትሄድና እስከ በዓሉ ማግስት እንደማትመለስ ጮኸች። አህያዋን ጭና ስትመለስ ከደጃፏ ላይ ሞላልኝ ቆሟል። ሞላልኝ የክርስትና ልጇ ነው። ሲያድግ ከስም ዳኛው ዘንድ አስወጪ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር፤ ስም ያልጸናለትን ሰው ከቤት የሚያስወጣው እሱ ነው።

“ሞላልኝ! ደህና ነህ ልጄ? ከደጄ ምን አቆመህ?”

“ሴትዮ፣ ማንን ልበል?” አላት።

“ኧረ አንተ! እኔን ነው?”

“ይህ የእማማ ይርገዱ ቤት ነው።”

“ይርገዱ እኔ ነኛ! ምን ነክቶሃል?”

“እማማ ይርገዱ ውስጥ ናቸው። የተጠየቁትን ሁሉ መልሰው ማኅተም ተቀብለዋል።”

“ክርስትና ያነሳሁህ እኔ አይደለሁም?”

“ክርስትና ያነሱኝ እማማ ይርገዱ ናቸው” አለ ሞላልኝ በትሕትና። “ዛሬ ጠዋትም ነግረውኛል። ውሃው ሲነካኝ አልቅሼ ካህኑን ረግጫቸው ነበር አሉኝ።”

በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ወጣች። ዕድሜዋ ከይርገዱ ዕድሜ ብዙም አይርቅም፤ ድምፀ ለስላሳ፣ ቀጭን ሴት ናት። የለበሰችው የይርገዱን ነጠላ ነበር። አህያዋን አየችና ፊቷ በራ።

“የቀለሙ ሥር ደረሰልኝ?” አለች። “አስገባልኝ ልጄ። ስጠብቀው ነበር።”

ሞላልኝ አህያዋን አስገባ።

ይርገዱ አላለቀሰችም። የአህያዋ ጭራ በገዛ በሯ ሲገባ አይታ፣ መቀነቷን አጥብቃ በቀጥታ ወደ ስም ዳኛው ሄደች።

ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ጉቦ አይበላም፤ አይቆጣም። የሰው ፊት እንዳያታልለውም ጀርባውን ለባለጉዳይ ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። ችሎቱ የሚውለው ከገደሉ ፊት ለፊት ባለው መስክ ላይ ነው፤ ለማመሳከር እንዲቀል።

“ጌታዬ፣ እባክዎ አንዴ ዞር ብለው እጄን ይዩልኝ” አለች ይርገዱ። “ይህን እጅ የማያውቅ የከተማው ሰው የለም።”

“እጅ ይነከራል” አለ ዳኛው ሳይዞር። “ያቺኛዋ ትጠራ።”

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆሙ። እኛም ሥራችንን ትተን መስኩን ሞላነው።

“የእናትሽ ስም?”

“ብዙነሽ” አሉ ሁለቱም እኩል።

“ልጅ ሳለሽ ምን እያሉ ይጠሩሽ ነበር?”

“ድምቡሼ።”

“ምን ያስፈራሻል?”

“ነጎድጓድ” አለች ይርገዱ። “ነጎድጓድ” አለች ያቺም፤ ቃሉ ላይ ስትደርስ ልክ እንደ ይርገዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ይርገዱ የገዛ ፍርሃቷ ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምታ ሰውነቷ ሁሉ ተሸማቀቀ። ሌሊት እንደ ሕፃን ተጠቅልላ የምትተኛበትን ምክንያት አደባባይ ያወጣችው ራሷ ነበረች። ያኔ ግን ለገደል የተናገረች እንጂ ለሰው የተናገረች አልመሰላትም።

“በሠርግሽ ቀን ምን ታረደ?”

ይርገዱ ፈገግ አለች። ይህን ማንም ከእሷ በላይ ሊያውቅ አይችልም። “አንዲት ፍየል” አለች። “ክፉ ዘመን ነበር ጌታዬ። እሷም ከሲታ ነበረች።”

“ሦስት ሰንጋ” አለች ያቺ ሴት።

“ገደሉ ይጠየቅ” አለ ዳኛው።

አዋጅ ነጋሪው እጁን አፉ ላይ አድርጎ የይርገዱን ስም ጠርቶ የሠርጓን ቃል ጠየቀ። ከገደሉ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ፣ ትኩስና ኩራት የተሞላ፣ እየተንከባለለ ወረደ፦ “እልል በሉልኝ! ለሠርጌ ሦስት ሰንጋ ተጣለ!”

ይርገዱ ድምፁን ስትሰማ መጀመሪያ የናፈቃት ልጅነቷ ነበር፤ ኋላ ነው እፍረቱ የመጣው።

“ጌታዬ፣ ያኔ ዋሽቼ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ለሠርጌ ሁለት ሰንጋ ተጣለ ብላ ጮኻ ነበር፤ ከእሷ እንዳላንስ ነው።”

“ዋሽቻለሁ ነው የምትይው?”

“አዎ፣ ዋሽቻለሁ።”

“ዋሽተሽ ከሆነ ዋሾ ነሽ፤ ዋሾ ደግሞ አይታመንም። አልዋሸሽ ከሆነም መልሱን ስተሻል።” ጥቂት አሰበ። “ድምፁ ያንቺን ይመስላል፤ መልሱ ግን የእሷ ነው። ስሙ ለእሷ ይጽና።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርገዱ ስም አልባ ሆነች። ጎረቤቷ አስካለ ከጎተራው ጎን ባለችው ክፍል መደብ አነጠፈችላት። አስካለ ሕግ የምትፈራ ሴት ናትና “እንግዳዬ” እያለች ትጠራት ጀመር። “ነይ እንግዳዬ፣ ቆሎ ቅመሺ” ስትላት ዓይኗ እንባ ያቀር ነበር፤ “ይርገዱ” ማለት ግን አልደፈረችም።

ይርገዱ በማግስቱ ወደ ገደሉ ወጣች። እዚያ ፈገግታው የማይከደን አንድ የገደሉ ባለሟል አለ።

“እንኳን ደህና መጣሽ! ምን ልትጮሂልን ነው?”

“ልጮህ አልመጣሁም። የጮኽኩትን ልወስድ ነው።”

“መውሰድ” አለ ባለሟሉ፤ ቃሉን እንደ ባዕድ ምግብ አላመጠው። “የተጮኸ ነገር የማሚቶ ነው።”

“አፉ የኔ፣ ኑሮው የኔ!”

“ተዋውለሻል እኮ።”

“መቼ ነው የተዋዋልኩት?”

“መጀመሪያ የጮኽሽ ዕለት። ማሚቶ ቃልሽን ከመመለሷ በፊት ውሉን በሹክሹክታ ታነባለች። ጆሮውን ሰጥቶ ያዳመጠ ይሰማዋል።”

“እዚህ ነፋስ ላይ?”

“ነፋስማ መቼም አይጠፋም” አለ ፈገግ እንዳለ። “እስከ መጨረሻው ያዳመጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ያልተስማማ ግን የለም።”

“እሺ፣ እሱ ይቅር። ስሜን እየጠሩ ስለ እኔ የሰሙትን ሰዎች ንገረኝ። ይህን ማወቅ አይገባኝም?”

ባለሟሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅር አለው። “እንዴት ይሆናል? የሰሚዎቻችንን ምስጢር እንጠብቃለን እኮ።”

ቁልቁል ስትወርድ ይርገዱ ተናደደች፤ ንዴቱ ግን እግሯን አጠነከረው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ስለዚህ ስለ ፈሰሰው ማሰቡን ትታ በእንስራው ሥር የቀረውን ልታይ አጎነበሰች። ምን ያልጮኽኩት አለ? የልጅነት ስሟን ጮኻለች። ሕመሟን ጮኻለች። ባሏ በመጨረሻ የተናገራትን ሳይቀር ጮኻለች። መንገዱ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። አንድ ነገር ብቻ አገኘች።

እናታቸው በሞተች ሰሞን ከታላቅ እህቷ ከደብሪቱ ጋር የተጣላችበት ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ደብሪቱ ከተራራው ጀርባ፣ ደጋ ላይ፣ ማሚቶ ከማትሰማበት ቦታ ነው የምትኖረው። የጠቡን ምክንያት ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እኛም እንድናውቅ ያልሞከርነው ነገር አልነበረም።

ይርገዱ ከዚያ በኋላ ችሎት በዋለ ቁጥር ዳኛው ፊት ትቆም ጀመር። አትጮህም፤ አትሳደብም። ዝናብ ሲመጣ አትሄድም። ዳኛው ጀርባውን ቢሰጣትም መቆሟን ያውቃል፤ ጀርባውም እየከበደው ሄደ።

“አንቺ ሴት፣ ምን ቀረኝ ብለሽ ነው?” አላት አንድ ቀን።

“ሕጉ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ልስማ ብዬ ነው።”

ዳኛው ተነፈሰ። “አንድ ነገር አለ። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ወዳጅ ለወዳጁ ይዋሻል፤ ጠላት ግን ለጠላቱ ብሎ አይዋሽም። ስለዚህ ከጠላት በቀር የማንም ምስክርነት አይሰማም። ጠላት አለሽ?”

ሰው ሳቀ። ይርገዱን የሚጠላ በከተማው አልነበረም። ያን ዕለት ማታ አስካለ ቆሎውን እያቀረበች “እኔ ጠላትሽ ልሁንልሽ” አለቻት። “ከአሁን ጀምሮ እሰድብሻለሁ።” ሕጉ ግን ጠቡ ከክርክሩ በፊት የነበረ ይሁን ይል ነበር፤ ማረጋገጫውም ማሚቶ ዘንድ አንድም የእንኳን አደረሰሽ አለመገኘቱ ነው። አስካለ ደግሞ ለይርገዱ ያልጮኸችላት በዓል አልነበረም።

ይርገዱ በነጋታው ስንቋን ቋጥራ ወደ ደጋ ወጣች።

ደብሪቱን ያገኘቻት ከቤቷ ደጃፍ ሰፌድ ስትሰፋ ነው። ጠጉሯ ነጥቷል። ቀና አላለችም።

“ማነሽ?” አለች።

ይርገዱ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ስትጠየቀው ሰንብታለች፤ ስሟን አልጠራችም። “እኔ ነኝ” ብቻ አለች።

“ድምፅሽን ለይቻለሁ። ልትታረቂ ከሆነ የመጣሽው፣ መንገዱ ያው።”

“ልታረቅ አይደለም እትዬ። ጠላት ፈልጌ ነው።”

ደብሪቱ ወስፌዋን አስቀመጠች። “እንግዲያስ ግቢ።”

ይርገዱ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ደብሪቱ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

“ለዚያ ገደል አፍሽን አትክፈቺ ብዬሽ አልነበረም?”

“ብለሽኝ ነበር።”

“ባልሽ ሲሞት እንኳ መርዶውን የነገርሽው ለገደል ነው። እኔ ከመንገደኛ ሰማሁ። አንድ ጨው የጫነ ሰው፣ ውሃ ሲጠይቀኝ፣ በጨዋታ መሐል ነገረኝ።”

ይርገዱ አንገቷን ደፋች።

“ያንንስ?” አለች ደብሪቱ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። “የእኔንና ያንቺን ነገር ለማሚቶ ነግረሻታል?”

“አልነገርኳትም።”

“አንድ ቀን እንኳ? ተናደሽ? ከፍቶሽ?”

“አንድ ቀን ከገደሉ ፊት ቆሜ አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።”

“ለምን?”

“የኔ ብቻ አይደለማ እትዬ። ያንቺም ነው።”

ደብሪቱ ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። እዚያ አገር አብሮ መቁረስ መታረቅ ነው፤ ከታረቁ ደግሞ ምስክርነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ምግቡን ከይርገዱ ፊት አኖረችና እሷ ውጭ ወጥታ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች።

“በርበሬው በዛ?” ስትል ከውጭ ጠየቀች።

“በዝቷል።”

“ጠላትሽ አይደለሁ?”

ወደ ከተማ ሲወርዱ አንዷ በመንገዱ ቀኝ፣ አንዷ በግራ ሄዱ። ወንዙን ሲሻገሩ ይርገዱ አዳልጧት ወደቀች። የደብሪቱ እጅ ሳታስበው ተዘረጋ፤ መሐል ላይ ቆመ፤ ተመልሶ ነጠላው ውስጥ ገባ። “ተነሺ” አለቻት ብቻ። ይርገዱ ተነሳች፤ እርጥብ ቀሚሷን ጨምቃ መንገዷን ቀጠለች።

በችሎቱ ቀን ከተማው ሁሉ መስኩ ላይ ነበር። ያቺ ሴት በይርገዱ ነጠላ አጊጣ መጣች። አዋጅ ነጋሪው የሁለቱን እህቶች ስም ጠርቶ ገደሉን ጠየቀ፤ አንድም የመልካም በዓል ቃል አልተገኘም።

“ጠላትነቱ ጸንቷል” አለ ዳኛው። “ምስክሯ ትጠይቅ።”

“አንድ ጥያቄ አለኝ” አለች ደብሪቱ። “ከእህቴ ጋር የተጣላንበት ነገር ምንድን ነው? መልሱን በጆሮዬ ይንገሩኝ።”

“በጆሮ አይሆንም። ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ገደሉ ይስማ።”

“ሕጉ ምን ይላል ጌታዬ? ገደሉ ይስማ ነው ወይስ ምስክር ይስማ?”

ዳኛው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሕጉን በልቡ አወረደው። “ምስክር ይስማ ነው የሚለው” አለ ቅር እያለው።

“ምስክሯ እኔ ነኝ” አለች ደብሪቱ።

“ተጠየቂ!” አለ አዋጅ ነጋሪው ያቺን ሴት።

“ልጠየቅ!” አለች እሷም፤ አልፈራችም። ወደ ደብሪቱ ጆሮ ጎንበስ ብላ ረጅም ነገር አንሾካሾከች።

“ሌላ?” አለች ደብሪቱ።

እንደገና አንሾካሾከች።

“ሌላስ?”

ሴትዮዋ ስለ ይርገዱ የማታውቀው አልነበረም። የሰማችውን ሁሉ እያወጣች ሳትሞክር አልቀረችም፤ ርስቱን፣ ቀብሩን፣ ወንዱን፣ ምቀኝነቱን፣ ማንን ምን እንዳጣላ እኛም የምንገምተውን ሁሉ። በመጨረሻ ዝም አለች።

“ተጠየቂ!” ተባለች ይርገዱ።

“ልጠየቅ” አለች።

ተጠግታ ከእህቷ ጆሮ ሥር የተናገረችው አጭር ነበር፤ ሁለት ቃል ቢሆን ነው፣ ምናልባትም አንድ። ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች። እጇ ወደ ይርገዱ ጉንጭ ሲነሳ አየነው፤ ፍርድ ገና መሆኑን አስታውሳ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ በሌላው እጇ ያዘችው።

“ይህቺ ናት” አለች። “ይርገዱ ይህቺ ናት።”

“ምን አለችሽ?” አለ ዳኛው።

“ልኩን።”

“ልኩ ምንድን ነው?”

“እሷ ያለችው።”

ከሕዝቡ መሐል ጉርምርምታ ተነሳ። ዳኛው ድምፁን ከፍ አደረገ፦ “ነገ ሌላ ሰው ተነስቶ ይርገዱ ነኝ ቢል በምን እለየዋለሁ? ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። ጮክ ብላችሁ ንገሩና ገደሉ ይያዘው። ካልሆነ ስሙን አላጸናም።”

ይርገዱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። ያን ቀን የተናገረችውን ብዙዎቻችን ቃል በቃል እናውቀዋለን።

“ጌታዬ፣ ስሜን ከፈለጉ ይውሰዱት። ቤቴንም ትቀመጥበት። ይሄን ግን አልሰጥም። ያለኝን ሁሉ እዚያ ገደል ላይ በገዛ አፌ በትኜዋለሁ፤ ማንም አልገፋኝም። ይሄ ብቻ ቀርቷል። እሱም ግማሹ የእህቴ ነው። እሱን ሰጥቼ ስሜን ብወስድ፣ ነገ ደግሞ ስሜን የሚወስድ ሰው እሱንም ይዞ ይመጣል። እዚሁ እቆማለሁ እንጂ አልናገርም።”

“እኔም አልናገርም” አለች ደብሪቱ።

ከዚያ ማንም ምንም አላለም። ገደሉም የሚመልሰው አጥቶ ዝም አለ፤ የእውነት ዝምታ ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችን ያኔ ነው ያወቅነው።

ዳኛው ከተሾመ ጀምሮ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ዞረ። እርጅና የተጫነው፣ የለዘበ ፊት ነበረው፤ እኛም ያን ዕለት አየነው። የይርገዱን እጅ፣ ከዚያ ፊቷን ተመለከተ።

“ሕጉ ምስክር ይስማ ይላል” አለ ቀስ ብሎ። “ዳኛ ይስማ አይልም። ስሙ ለይርገዱ ይጽና፤ ይርገዱም ይህቺ ናት።”

ሞላልኝ ወዲያውኑ ወደ ሌላይቱ ሴት ዞረ። “ሴትዮ፣ ማንን ልበል?”

“ምንም አትበል” አለች። ነጠላውን አውልቃ፣ በሥርዓት አጥፋ ለይርገዱ ሰጠቻት። “የኔ ስም ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ ነው። አንዲት ሴት ትኖርበታለች፤ ስለ እኔ ስትጠየቅ ከኔ ከራሴ ይልቅ አጣርታ መልሳለች።” ሄዳ ሄዳ ተመለሰች። “እኔ እኮ አንቺን እንደማንም አልሰማሁሽም። ከባልሽ ይልቅ ሰምቼሻለሁ። ከማንም ይልቅ።”

ይርገዱ እውነት መሆኑን አወቀች። ያ ነበር ከሁሉ የከበዳት።

“ሰምተሽኛል” አለቻት። “አንድ ቀን ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም።” ከዚያ ስንቋን ፈትታ የቀረውን ዳቦ አስያዘቻት። “ወንዙን ተሻግረሽ ሂጂና የራስሽን ጠላት ፈልጊ። አንድ አይጠፋም። ያልጮኽሽውንም አስቢ።”

“ካላገኘሁስ?”

“ከዛሬ ጀምሪ።”

ሴትዮዋ ዳቦውን ይዛ ሄደች። ጥቂት ስትሄድ፣ ልማድ ሆኖባት፣ ወደ ገደሉ ቀና ብላ አፏን ስትከፍት አየናት። ከዚያ ዘጋችው።

ሁለቱ እህቶች ወደ ቤት ሲሄዱ ከተማው ሁሉ ተከተላቸው። በመንገድ ላይ እያንዳንዱ ሰው ፊቱን አጨማዶ ያልጮኸውን ሲፈልግ ነበር። “እኔ ምንም አጣሁ” ይላል አንዱ። “እኔ አንድ አለኝ” ይላል ሌላው፤ “ምንድን ነው?” ሲባል ወዲያው ይናገረዋል፤ ከዚያ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። አስካለ ከሁሉ ፊት ፊት እየሮጠች “ይርገዱ! ይርገዱ!” ትላለች፤ ሌላ የምትጨምረው ነገር አልነበራትም።

በሩ ላይ ሞላልኝ ቀድሞ ደርሶ ጎንበስ ብሎ ቆመ። “እማማ ይርገዱ፣ እንኳን በደህና መጡ።”

“ልጄ፣ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም” አለችው። “ከዛሬ ወዲያ ግን የኔን በር አንተም ገደሉም አትከፍቱትም። ቁልፉን ወዲህ በል።”

ቁልፉን ሰጣት። ያን ሳምንት በሩን አዲስ ቁልፍ አሠራችለት፤ ማን እንደሠራላት አናውቅም።

እኛ የቆምነው ዕርቁን ልናይ ነበር። ደግሞም፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ሲታረቁ የተጣሉበትን ያነሱት ይሆናል ብለን ነው። አንዳንዶቹ ለገደሉ የሚጮኹትን ከወዲሁ እያሰናዱ ነበር። ይርገዱ ከደጃፉ ላይ ቆማ ሁላችንንም አየችን፤ ቁጣ አልነበረባትም።

“እንግዲህ ደህና ዋሉ” አለች።

ደብሪቱን አስቀድማ አስገባች። ከዚያ በሩን ዘጋችው። መወርወሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማን።

ማንም አልሄደም። ጆሮአችንን ከሳንቃው ላይ አድርገን ብዙ ቆምን። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ኋላ የሁለት ሴቶች ልቅሶ መሰለን። ቆይቶ ደግሞ ከልባቸው ሲስቁ ሰማናቸው፤ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች።

በምን እንደሆነ አናውቅም።